ፊርማው የታካሚዋ ነው

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች የሚሠሩበት ክሊኒክ ጎራ እላለሁ። ሰሞኑን ያየሁት ግን ሆዴን አሻክሮታል። አንዲት ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ተማሪው የስምምነት ፎርሙን በእሷ ጉልበት ላይ አሳልፎ ለባሏ አቀበለውና «እሷ ጭንቀት አለባት፤ አንተ ፈርምላት» አለው። ባል ፈረመ። አፉ የእሷ፣ ጥርሱ የእሷ፣ ፊርማው የሌላ ሰው!

ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስጠይቀው «ጋሼ፣ የአእምሮ መድኃኒት ትወስዳለች እኮ» አለኝ። ጓደኞቹም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ሕጉን ተምራችኋል፤ ለፈተና ሸምድዳችሁ እዚያው ጥላችሁት ወጣችሁ እንጂ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ ምርመራንም ሆነ ሕክምናን እንቢ ሊል እንደሚችል ይደነግጋል። በማናቸውም ጊዜ ማለት መርፌው ከተወጋም፣ መንቀያው ጥርሱን ከያዘም በኋላ ነው። ሕጉ ሌላ ሰው እንዲወስንለት የሚፈቅደው ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅና አእምሮው ለጎደለ ሰው ነው፤ ያም ሥልጣን የአሳዳሪ እንጂ በር ላይ ያገኛችሁት አስታማሚ አይደለም። አዋቂን ሰው ችሎታ የለህም ብሎ በፍርድ መከልከልም የዳኛ ሥራ ነው፤ አንቀጽ 351ን አንብቡ። ነጭ ጋውን ለብሳችሁ ችሎት መቀመጥን ማን ፈቀደላችሁ?

የጭንቀት ሕመም ያለበት ሰው ይፈራል እንጂ የሚነገረውን ይረዳል። ፓኒክ የምትሉት ድንገተኛ ድንጋጤ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይበርዳል፤ መጠበቅ ነው። ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊን ልብ እንደሚያስመታ ቀድማችሁ ካልነገራችኋት የምትሞት ይመስላታል። ትንፋሿ ሲፈጥን ከንፈሯና ጣቶቿ ይነዝራሉ፤ እናንተ ግን «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ ትቆጧታላችሁ።

ወጣት ሳለሁ ክፍለ ሀገር አንድ ሆስፒታል ውስጥ አብሬያቸው የሠራሁ ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ። የፈራች ሴት ስትመጣ አስቀድመው መንቀያውን በፎጣ ይሸፍናሉ። ከዚያ ዱካ ስበው ከእሷ ዝቅ ብለው ይቀመጡና «እታለም፣ እጅሽን ካነሳሽ አቆማለሁ» ይሏታል። አንዷ ገና ምንም ሳይነኳት እጇን አነሳች፤ አቆሙ። ደግማ አነሳች፤ አሁንም አቆሙ። ውጪ ወረፋው ሲያጉረመርም ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ኋላ ራሷ አፏን ከፈተች። መጻፍ ስለማትችል ወረቀቱ ላይ አሻራዋን ያሳረፈችው በገዛ አውራ ጣቷ ነበር፤ ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ሳለ።

እኒያ ሽማግሌ አሁን የእናንተን ሥራ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ለምረቃ የሚጠየቀውን የነቀላ ቁጥር ለመሙላት ትሮጣላችሁ፤ ጊዜ የለንም ትላላችሁ። የታካሚዋን ፍርሃት ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ኮራ የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሕክምና ፍርሃት መለኪያውን በ1969 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ አምስት ጥያቄ ሆኗል። ከ25 ነጥብ 19ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ፍርሃቱ ብርቱ ነው። ወረፋ ላይ ሳለች የምትሞላው ነገር ነው፤ ምን ጊዜ ይፈጃል?

ሌላውን ባጭሩ ልበል። የታካሚን ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስቀጣልና የሻይ ቤት ወሬ አታድርጉት። አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው አፉ ስለሚደርቅ ጥርሱን ቶሎ ቶሎ እዩለት። ጸበል የሚጠመቀውንም መድኃኒትህን አታቋርጥ በሉት እንጂ በእምነቱ አትሳቁ። እናንተም ከፈተና በፊት እንቅልፍ ሲነሳችሁና ልባችሁ ሲርድ ሐኪም አማክሩ፤ ነውር የለበትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ፤ አልወጣልኝምና። ጌታችን በጌቴሴማኒ ሲጨነቅ ደቀ መዛሙርቱ አንቀላፍተው ነበር፤ ወቀሳቸው እንጂ አላመሰገናቸውም። የተጨነቀን ሰው ጎን ትቶ ከአስታማሚው ጋር መስማማት ያው እንቅልፍ ነው። ባሏ ይቀመጥ፣ ያጽናናት፣ ከፈለገች ታማክረው። ውሳኔው ግን የእሷ ነው። እሺ ካላለች መንቀያውን አስቀምጡና ሌላ ቀጠሮ ስጧት፤ ሕመሙ አስቸኳይ ከሆነ አስተማሪያችሁን ጥሩ። እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጣችሁ።