ጎርፉ በማን ዘመን መጣ?

ለበዓል ቤተሰብ ጋ በገባሁ ቁጥር አንድ ክርክር ይጠብቀኛል። ከምሳ በኋላ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ቡናው ይፈላል። የመጀመሪያው ሰዓት በኑሮ ውድነትና በኳስ ያልፋል። ምርቃናው መጣ መጣ ሲል ግን አንዱ ያንኑ ጥያቄ መሃል ላይ ይጥላታል፦ «አቦ፣ ይቺን ከተማ የገደላት የትኛው ከንቲባ ነው?»

በቃ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ሌላ ወሬ የለም።

ያደግኩባትን ከተማ ስም አልጠራም። ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ናት፣ ከጭሮም ብዙ አትርቅም። ስሟን ብጠራ ከንቲባዎቿ ይታወቃሉ፤ እነሱ ደግሞ እዚህ መጥተው መልስ ሊሰጡ አይችሉም። የእኛ በርጫ ላይም አንድ ቀን መልስ ሰጥተው አያውቁም። ተከሳሽ በሌለበት የሚፈረድበት ችሎት ነው፤ ዳኞቹ ደግሞ አራት ናቸው፦ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፣ ጎረቤታችን ጫት ነጋዴው፣ ባጃጅ የሚነዳው የአጎቴ ልጅ፣ እና አባቴ። (መምህሩን «እሳቸው» አለማለቴ ቅር እንዳይላችሁ። በእኛ አገር ለአባትም ለመምህርም «አንተ» ነው፤ አክብሮቱን በሌላ እናሳያለን።)

ክሱ ረጅም ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። የኳስ ሜዳው ግማሹ ሱቅ ሆኗል። የአስፋልቱ ጠርዝ እንደተገመጠ ዳቦ ተበልቷል። ተምሮ የጨረሰ ወጣት ሁሉ ዓይኑ አዳማና አዲስ አበባ ነው፤ እኔን ጨምሮ።

መምህሩ ሁሌም ከጭሮ ይጀምራል። «ከተማን የሚያቆመው ሰው ነው፤ ከቆመ ደግሞ የሚያፈርሰውም ሰው ነው» ይላል። ማስረጃው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሩሲያ የተማሩት፣ የ1923ቱን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በኋላ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት ሰው፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት የጨርጨር ገዥ ነበሩ። ጨርጨር ለሌላው አርአያ እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ነበር፤ አስበ ተፈሪም በእሳቸው ጊዜ በሥርዓት የተቆረቆረች ከተማ ሆነች። ከእሳቸው በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ያንኑ አውራጃ ገዙ። የሚገርመኝ ደግሞ፣ ተክለ ሐዋርያት ቀደም ብለው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በሚለው ቴአትራቸው ሹማምንትን በአውሬ መስለው ተችተው፣ ቴአትሩም ታግዶባቸው ነበር። ተቺው ሰውዬ ራሳቸው ተሾሙና ከተማ ሠሩ።

የከተማዋን የድሮ ስም ደግሞ አስቡት። በግዕዝ «ዐስብ» ማለት ዋጋ፣ ደመወዝ ነው። አስበ ተፈሪ፣ የተፈሪ ዋጋ። አንድ ሙሉ ከተማ በአንድ ሰው ስም ተመዝግቦ ሲኖር፣ ልማቱንም ጥፋቱንም በአንድ ሰው ሒሳብ የመጻፍ ልማድ ከየት እንደመጣብን ይገባኛል። ዛሬ ስሟ ጭሮ ነው። ልማዱ ግን አብሮ አልተቀየረም።

ጫት ነጋዴው በዚህ አይስማማም። «ከንቲባ ማለት ጎርፍ ላይ ያለ ቅጠል ነው» ባይ ነው። «እስቲ መኢሶን እይ!» ይላል። የምድር ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ቆላው ላይ ያሉት የጣቢያ ከተሞች ኑሯቸው ባቡሩ ሆነ። ባቡር ሲቆም ወተቱም፣ ፍየሉም፣ ሻዩም ይሸጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የድሮው ባቡር ሲቆም ገበያው አብሮ ቆመ። መስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ደግሞ እንደ ድሮው በየከተማው እየቆመ ሻይ የሚያስጠጣ አይደለም። «ይሄን የወሰነው የትኛው ከንቲባ ነው? የጫት ዋጋ ሶማሌላንድና ጅቡቲ ላይ ሲወድቅ፣ እኛ ጋ ከንቲባው ምን ያድርግ? ይቃም?»

ሁላችንም እንስቃለን። ግን ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። ከንቲባ ምንም አያመጣም ካልን ተክለ ሐዋርያትንም ማመስገን አንችልም። ሁሉን ያመጣል ካልን ደግሞ ባቡር ስለቆመ አንድን ምስኪን ሹም ልንሰቅል ነው።

ለእኔ የተሻለው ጥያቄ ይሄ ነው፦ በእጁ የነበረው ምን ነበር?

ባቡር በእጁ አልነበረም። የቡና ዋጋም፣ ዝናብም በእጁ አልነበረም። መሬት ግን ነበር። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ የትናንሽ ከተሞች ሹም ካዝናው ባዶ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር መስጠት ይችላል፦ ቦታ። ማን የት እንደሚሠራ፣ የቱ ክፍት እንደሚቀር፣ ውሃ በየት እንደሚወርድ። እኔ ካርታ የማንበብ ሙያ የለኝም፤ ግን የአንድን ከንቲባ ሥራ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ የመረቀውን ሐውልት ትታችሁ ሰው ያልመራበትን ቦታ ፈልጉ እላለሁ።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ ወደ ቤታችን የሚገባው። ቃል በቃል።

የእኛ ቤት የተሠራው በድሮ የጎርፍ መውረጃ ላይ ነው። ቦታውን የመሩን፣ በርጫው ሁሉ በፍቅር የሚያነሳው ከንቲባ ናቸው። «ሰው ይወዱ ነበር» ይባልላቸዋል፤ እውነት ነው። አባቴ አራት ልጅ ይዞ በኪራይ ቤት ሲንከራተት፣ ቢሮ ገብቶ አለቀሰ፤ በሳምንቱ ምሪት ወጣለት። ከእኛ ጋር ሌሎችም ተመሩ። እሳቸው በሥልጣን ላይ በቆዩባቸው ዓመታት ከባድ ዝናብ አልመጣም።

ቀጥሎ ሌላ መጣ። በርጫው ላይ «አፍራሹ» ይሉታል። ፕላኑን አይቶ «እዚህ ሰው መኖር የለበትም» አለ፤ በግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አስደረገ። ያን ቀን ትዝ ይለኛል፣ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እማዬ ቀለሙን በኦሞ አጥባ ልታስለቅቅ ስትታገል አመሸች። ሰፈሩ ፊርማ አሰባስቦ ወደ በላይ አመለከተ። ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ ተዛወረ። መውረጃው ሳይከፈት ቀረ።

ሦስተኛው ከተሾመ በአራተኛው ወር ጎርፍ መጣ። ውሃው የእኛን ቤት ዞሮ ወደ ታች ሰፈር ሄደ። ሰባት ቤት ፈረሰ። በልጅነቴ ቁጢ ያጠጡኝ የነበሩ አንድ እናት ሞቱ። ዛሬ ያ ከንቲባ ሲነሳ ሌላ ስም የለውም፦ «የጎርፉ ከንቲባ»።

ፈላስፎቹ በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ በ1976 «የሞራል ዕድል» ብለው ያነሱት ጉዳይ ይሄው ነው። በባጃጅ ላስረዳ። ሁለት ነጂዎች ስልክ እያዩ ይነዳሉ። አንዱ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ የሌላው መንገድ ላይ ሕፃን ሮጦ ይገባል። ጥፋታቸው አንድ ነው። አንዱን ግን ነፍሰ ገዳይ እንለዋለን፣ ሌላውን ምንም አንለውም። ይሄን ለአጎቴ ልጅ ስነግረው ቀስ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

የእኛ የከንቲባ ደረጃ አወጣጥም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ቦይ ላይ ሰው አስፍረው፣ ሰማዩ ራራላቸውና ተወደዱ። ሦስተኛው ያልዘራውን አጨደ። ድሬዳዋን አስታውሱ። በ1998 ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነው፤ የሞተው ታች ወንዝ ዳር የተኛው ሰው ነው። በዚያ አሸዋ ዳር ቤት የተሠራው ግን በአንድ ሌሊት አልነበረም። ጎርፍ ቀን አለው፤ መንስኤው ግን ቀን የለውም። እኛ ደግሞ ቀን ያለውን እንይዛለን።

ታዲያ ባለፈው ፋሲካ ክርክሩ እንደገና «የጎርፉ ከንቲባ» ላይ ሲደርስ፣ አባቴ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ገራባውን ይለቅማል። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ያንን ፊርማ ማን ነበር የጀመረው?»

«እኔ።»

«ያኔ ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል ታውቅ ነበር?»

ትንሽ ቆየ። «ውሃ መንገዱን እንደማይረሳ የማያውቅ አለ?» አለኝ። «ግን አራት ልጅ ይዤ የት ልግባ? ሰውዬው ቀለም ይዞ መጣ እንጂ፣ ምትክ ቦታ ይዞ አልመጣም።»

ይሄን መልስ ብዙ አሰብኩበት። ለአባቴ ማድላት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ፤ ግን እውነት አለው። ሁለተኛው ከንቲባ እውነቱን አይቷል፤ በእጁ የነበረውን ግን አላደረገም። ቤት የሚያፈርስ ሰው ቤት የሚገባበትን አብሮ ካላሰበ፣ ትክክለኛ ፕላኑ ለተፈናቃዩ ከጎርፍ አይለይም። ይሄ ጥፋቱ ነው፣ ዕድል አይደለም።

የእኛም ጥፋት ግን ዕድል አይደለም። በ2005 የአካባቢ ምርጫ ተካሂዶ ነበር፤ በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ። እንደ እኛ ባለ ከተማ ከንቲባ ከላይ ይመጣል፣ በግምገማ ይነሳል፤ ዓይኑም ወደ ላይ ቢሆን አይፈረድበትም። የነዋሪው ድምፅ የሚሰማባት ቀዳዳ ጠባብ ናት። እኛ ያቺን ጠባብ ቀዳዳ አንድ ጊዜ አገኘናት፣ ተጠቀምንባት፣ ውሃውን ያየውን ሰው አስነሳንባት። ሌላ ነገር መጠየቅ እንችል ነበር። የታች ሰፈር ሰዎች ደግሞ ፊርማው ላይ አልነበሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ስለዚህ «የትኛው ከንቲባ ገደላት» ስንል ከዚያ በርጫ ላይ የሚጎድል ዳኛ አለ። ከቦዩ በታች የሚኖር ሰው። ከንቲባን መውቀስ መብታችን ነው፤ እንዲያውም በስሙና በሥራው፣ በእጁ በነበረው ልክ ልንወቅሰው ይገባል። ግን ከወደድናቸው መጀመር አለብን፤ ምክንያቱም እኛን የጠቀመን ጥፋት ለዓይናችን ጥፋት አይመስልም።

ይሄን የምጽፈው ነገሩ ስላላለቀ ነው። በቅርቡ ልኬት የያዙ ሰዎች እንደገና ሰፈራችን መጥተው ነበር። በሳምንቱ አጎቴ ደውሎ «ፊርማ እያሰባሰብን ነው፤ አንተ ጽሑፍ ስለምትችል ማመልከቻውን አንተ ጻፈው» አለኝ። ልኬቱ ማድ ቤታችንንና የእማዬን ክፍል ይወስዳል።

ሁለት ቀን ሳልመልስ ቆየሁ። ከዚያ ጻፍኩት። «ይቁምልን» አላልኩም። መውረጃው እንዲከፈት፣ ከመፈረሱ በፊት ለሚነሱት ሁሉ ምትክ ቦታና ካሣ እንዲሰጥ፣ የታች ሰፈር ሰዎችም በስብሰባው እንዲገኙ ጠየቅኩ። አጎቴ አንብቦ «ይሄ የማን ማመልከቻ ነው?» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

እስካሁን ዘጠኝ ሰው ፈርሟል። ከታች ሰፈር ስድስት፣ ከእኛ ሦስት። ጫት ነጋዴው አልፈረመም። አባቴ ወረቀቱን ትራሱ ሥር አስቀምጦታል፤ እማዬ በስልክ እንደነገረችኝ በየማታው አውጥቶ ያነበዋል፣ መልሶም ያስቀምጠዋል።