ስለ ጠጕርና ስለ ጢም

ከሰው አካል ሁሉ እንደ ጠጕር ቀላል ነገር የለም፤ ሲቈረጥ አያምም፤ ቢቈረጥም ተመልሶ ይበቅላል። ዳሩ ግን የሰው ልጅ በዚህ በማያመው ነገር ባልንጀራውን ሲያከብርበትና ሲያዋርድበት ይኖራል። እንግዲህ ጥያቄዬ፣ የሰውን ጠባይ ከጠጕሩና ከጢሙ ልናውቅ እንችላለንን? የሚል ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዘመን፣ በብቸናና በሞጣ ዱር ቤቴ ብለው ከተዋጉት አርበኞች ብዙዎቹ ጠጕራቸውን አሳድገው ነበር። ያን ጊዜ ጎፈሬ የጀግና ምልክት ነበረ። በ1960ዎቹ ግን ተማሪዎች ያንኑ ጠጕር «አፍሮ» ብለው ሲያሳድጉት፣ ትልልቆቹ «ጨብራራ» «ዱርዬ» ይሏቸው ጀመር። ጠጕሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ቃሉ ነው። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡትን ዐፄ ቴዎድሮስን በሹሩባ ተሥለው ስናይ እናደንቃለን፤ ጎረምሳው ልጃችን ሹሩባ ቢሠራ ግን ሴት መሰለ ብለን እንቈጣለን።

የጢምም ነገር እንዲሁ ነው። በመስኮብ አገር ታላቁ ጴጥሮስ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1698 ዓ.ም. ጀምሮ፣ መኳንንቱ አውሮጳውያንን እንዲመስሉ ጢማቸውን አስላጨ፤ አንላጭም ያሉትንም ግብር አስከፈለ። ዛሬ ደግሞ የከተማ ጎረምሳ የውጭ አገር ሰው ለመምሰል ጢሙን ቅባት እየቀባ ያሳድጋል። አንዱ ለመምሰል ተላጨ፤ አንዱም ለመምሰል አሳደገ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የቃሉ ነገር ነው። «ጢማም» ማለት ለሽማግሌ ግርማ ሲሆን፣ በላይኛው ከንፈሯ ላይ ጥቂት ጠጕር ለበቀለባት ልጅ ስድብ ነው። አፏን በነጠላዋ ሸፍና መልስ የምትመልስ ተማሪ ነበረችኝ፤ መልሷ ትክክል ሆኖ ሳለ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። የሰደቧትን ልጆች ቀጣሁ፤ እኔ ራሴ ግን ኋላ ከነርሱ የባሰ ሠራሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገጠር መጥቶ በኪራይ ቤት የሚማር፣ ጠጕሩንና ጢሙን ያሳደገ አንድ ጎረምሳ ነበረ። ደንብ ያስከበርሁ መስሎኝ፣ በሰልፍ ላይ በጓደኞቹ ፊት «ሽፍታ መስለህ አትምጣ» ብዬ ወደ ቤቱ መለስሁት። በማግሥቱ ተላጭቶ መጣ። ከአንድ ወር በኋላ የአገሩ ሰው እንደ ነገረኝ፣ ለካ አባቱ ሞቶበት ኖሯል፤ ጢሙንም ያሳደገው በአገራችን ልማድ ስለ ሐዘኑ ነበር። ጠርቼ «ምነው ሳትነግረኝ?» ብለው፣ መሬት መሬት እያየ «አልጠየቁኝም እኮ፣ ጋሼ» አለኝ።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የአሞንን ንጉሥ የሐኖንን ታሪክ ተምሬ ነበር። አባቱ በሞተ ጊዜ ዳዊት የሚያጽናኑ መልእክተኞች ሰደደለት፤ ሐኖን ግን ሰላዮች ናቸው ብሎ የጢማቸውን እኩሌታ አስላጭቶ አዋረዳቸው። ዳዊትም ጢማቸው እስኪያድግ ድረስ በኢያሪኮ እንዲቈዩ አዘዘ። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ በሐኖን እፈርድ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሐኖን እኔው እንደ ሆንሁ ተረዳሁ።

ይህን ስል ንጽሕናና ደንብ አያስፈልጉም ማለቴ አይደለም። ያደገ ጠጕር መታጠብና መበጠር አለበት፤ ትምህርት ቤትም ያለ ሥርዓት አይቆምም። ዳሩ ግን ደንብ ከማዘዙ በፊት መጠየቅን ቢያስቀድም ምንም አይጎድልበትም። አባቶቻችን «ጠጕራም ውሻ አለ ሲሉት ይሞታል» ማለታቸው፣ የውስጡ ከሲታነት በጠጕሩ ስለሚሸፈን ነው። የሰውም ሐዘን እንደዚሁ ነው፤ ጠጕሩን እያየን ሐዘኑን አናይም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ በየጁቤ ገበያ ስዘዋወር ጢሙን ያሳደገ ወጣት ባገኘሁ ጊዜ፣ «ደኅና ነህ ወይ ልጄ? ቤተ ሰቦችህስ ደኅና ናቸው?» እለዋለሁ። አንዳንዱ «ፋሽን ነው እኮ፣ አባባ» ብሎ ይሥቅብኛል። ይሣቅብኝ፤ ሳልጠይቅ ቀርቼ ሌላ ሐዘንተኛ ከማሳዝን፣ ጠይቄ ቢሣቅብኝ ይሻለኛል።