እጅህ ዝም ሲል

ልጄ፣ ከሰኞ ጀምሮ ወተቱን በማለዳ የምታደርሰው አንተ ነህ አሉኝ። የጫጫን የታኅሣሥ ውርጭ እስካሁን የምታውቀው ከብርድ ልብስ ሥር ሆነህ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ እኛም ከእሷ እምብዛም አናንስም። ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ የለ? ስማኝማ። ብርድን የሚያሳውቀው ነርቭ ብርድ ሲመጣ ብቻ የሚነቃ ይመስልሃል። አይደለም። ቤት ውስጥ ደልቶህ ተቀምጠህም እሱ ትር ትር ይላል። ምቱን የሚያወጣው ራሱ ነው፦ የሶዲየም በር ይከፈታል፣ ኤሌክትሪኩ ሽቅብ ይወጣል፣ አንዴ ይመታል፤ አብሮ የገባው ካልሲየም ደግሞ የፖታሲየምን በር ከፍቶ መልሶ ያረጋጋዋል። ያርፍና እንደገና ይነሣል። አለንጋውም ልጓሙም በገዛ እጁ ነው። ቀዝቀዝ ሲል ሁለት ሦስቴ አከታትሎ ይመታና ያርፋል፤ አንጎልህ ብርዱን የሚያነበው ከዚሁ አመታት ነው።

የነርቭን ምት ለክቶ ያሳየው እንግሊዛዊው ኤድጋር አድሪያን በ1932 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። ብርድ የሚከፍተውን በር ደግሞ ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን፣ የ2021ዱ ተሸላሚዎች፣ በሜንታ ቅመም ፈልገው አገኙት። ሜንታ ከረሜላ ስትመጥ አፍህ የሚቀዘቅዘው በዚያው በር ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ከቤት እንደወጣህ ነርቩ ይጮኻል፤ ጥቂት ቆይቶ ረገብ ይላል። ብርዱ አልቀነሰም፣ እሱ ነው የለመደው። የጣትህ ቆዳ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድማ ይደነዝዛል። ያን ጊዜ «ተሻለኝ» እንዳትል።

እኔ በአንተ ዕድሜ ብያለሁ። ከብት አግጄ ስመለስ የደነዘዘ እጄን ምድጃው ላይ ዘረጋሁት፤ ሽታው ነው ያባነነኝ። ይቺን ጠባሳ ስታያት ነው ያደግኸው። እናትህ በጦርነት ያገኛት ናት ስትልህ ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ።

ስለዚህ ስትመለስ እጅህን መጀመሪያ ብብትህ ውስጥ ክተት። ለብ ያለ ውኃ ካለም ጥሩ ነው፤ ሙቀቱን ግን እህትህ ትንካልህ እንጂ በዚያ እጅህ አትለካው። ጣቶችህ ሲጠዘጥዙህ አትደንግጥ፣ ነርቮቹ እየተመለሱ ነው። በርኖሴ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ ሰኞ ሳትጠይቀኝ ውሰደው።