አንቺ እዚህ ነሽ ወይስ እዚያ?

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ፤ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የእህቴ ልጅ ሳሪስ አካባቢ አንዲት ጠባብ የባልትና ሱቅ አለቻት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ኮረሪማ ትሸጣለች። መቼም የዛሬ ሱቅ በሩ አንድ ብቻ አይደለም፤ የቴሌግራም ቻናል አላት፣ የፌስቡክ ገጽ አላት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች፣ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ትቆማለች፣ ማታ ሁለት ልጆቿን ታስተኛለች። ከዚያ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኳን ይዛ ለደንበኞቿ የነገውን ትጽፋለች። አንድ እሁድ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን፣ ሲኒ እንደያዘች እንቅልፍ ጣላት።

ስትነቃ፣ «ጋሼ» አለችኝ፣ «ሰው ሁሉ እኮ ሼጁል ነው የሚያደርገው። አንድ ቀን ቁጭ ብለህ የወሩን ትጽፋለህ፤ ከዚያ እሱ ራሱ በሰዓቱ እየለቀቀ ይሄዳል። የትኛው እንደሚሻል አብረን እንየው። ደግሞ አንተ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርክ ሰው ነህ፤ ጽሑፉን ጻፍልኝ።»

ማን ይጠላል! ከመምህርነት ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ብሎ የሚያሞካሸኝ ሰው ጥቂት ነው። ወዲያው እሺ አልኩ።

የመሣሪያው ምርጫ ሁለት ማታ ፈጀብን። ስሙ የገነነው ሁትሱት እ.ኤ.አ. በ2023 ነጻ አገልግሎቱን አቁሟል። የሚከፈለው ደግሞ በዶላር ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር በባንክ ከ100 ብር በላይ ከሆነ ቆይቷል። በርበሬ ሸጣ ዶላር ልትከፍል? ይቅር ተባባልን። ባፈር የሚባለው በነጻ የሚሰጠው ነገር አለው፤ ግን ሌላ ስም፣ ሌላ የይለፍ ቃል ሊጨመርባት ነው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሜታ ቢዝነስ ስዊት የሚባል የራሱ መሣሪያ አለው፤ አይከፈልበትም። ቴሌግራምም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ይህንኑ ያደርጋል፤ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ ይዞ ቀንና ሰዓት መምረጥ ነው። ስልኳ ቢጠፋ እንኳ መልእክቱ በሰዓቱ ይወጣል። ሁለቱን ያዝን። ሲታይ በጣም ብልህ ምርጫ ነበር። ዋጋውን አየን፣ አመቺነቱን አየን… ማየት የነበረብንን ግን አላየንም።

መሣሪያዎቹ መጀመሪያ ላይ አስጠንቅቀውን ነበር ማለት ይቻላል። የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ለማለት 3:00 ብሎ የሞላ ሰው ደንበኞቹን የሚቀሰቅሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የቀጠረ ነጋዴ ደግሞ፣ የ2016ን አዲስ ዓመት «እንኳን አደረሳችሁ» ያለው ጳጉሜ 6 ቀን ነበር፤ መስከረም 1 የዋለው በማግስቱ ነውና። ዒድ ሲመጣ ጭራሽ ተያዝን። ረመዳን 29 ይሁን 30 ጨረቃዋ ሳትታይ ማን ያውቃል? የእህቴ ልጅ ሳቀችና «ለዒድ እንግዲህ ጨረቃዋን እጠብቃለሁ» አለች። ያን ጊዜ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እንዲህ ያለው ሰላምታ የሚያምረው እኮ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ጠብቆ፣ አንድ ላይ «ደረሰ!» ስለሚል ነው።

አላሰብኩም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ የአንድ ወር ሰላምታ፣ ቀልድና ማስታወቂያ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ እያለኝ ነው የጻፍኩት። በጥር ብርድ ጋቢ ለብሼ ስለ የካቲት ፀሐይ ቀለድኩ።

ከዕለታት አንድ ሐሙስ ነው። ሱቋ ጎን የሚኖሩ አንዲት እናት ረቡዕ ሌሊት አረፉ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ናቸው፤ የሽሮውን ምጥን ያስተካከሉላት፣ «ነጭ ሽንኩርቱን ቀንሺው» ያሏት እሳቸው ናቸው። የእህቴ ልጅ ሱቋን ዘግታ ከሌሊት ጀምሮ እዚያው ነበረች። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ድንኳን ውስጥ ጀበና ይዛ ስታስተናግድ የሟች ልጅ ስልክ ጮኸ። ልጅቷ የቻናሉ አባል ናት። አነበበች፤ ቀና ብላም ጀበናዋን የያዘችውን አየች።

«እንደምን አደራችሁ ቤተሰቦቼ! እኛ ቤት ዛሬ ሳቅ በሳቅ ነው! ምክንያቱን ከሰዓት በኋላ እነግራችኋለሁ።»

የእኔ ጽሑፍ ነው። በ«ቤተሰቦቼ» ተደስቼ ነበር።

«አንቺ እዚህ ነሽ ወይስ እዚያ?» አለቻት።

የእህቴ ልጅ ደንግጣ ከቴሌግራሙ ላይ የቀረውን ሁሉ ሰረዘች። የፌስቡኩን ቀጠሮ የያዝነው ግን በእኔ ኮምፒውተር ነበር፤ የይለፍ ቃሉም እኔ ቤት ነው። እኔ ደግሞ ቀብር ላይ ነበርኩ። 9 ሰዓት ላይ፣ ለቀስተኛው እጁን ሳይታጠብ፣ ቃል የተገባው ሁለተኛ ሳቅ ወጣ።

ከሰልስት በኋላ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትሄድ «እኔ አይደለሁም እኮ፣ ቀድሞ የተሞላ ነው» አለቻት። እውነቷን ነው። ልጅቷም ይቅር ብላታለች። እኔ ግን ይህቺ «እኔ አይደለሁም» የምትባል ነገር እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ታዲያ ማነው?

ክፍል ውስጥ ሳለሁ ለተማሪዎቼ ሳልሰለች የምነግራቸው ነገር ነበር። ልብ ወለድ ስታነቡ ተራኪውን ከደራሲው ጋር አታምታቱ፤ «እኔ» የሚለው ሰውዬ ጸሐፊው አይደለም እል ነበር። ለልብ ወለድ ትክክል ነው፤ አንባቢው ውሉን ያውቃልና። ባልትና ቤት ግን ተራኪ የለም። «ቤተሰቦቼ» ያለ ሰው አለ፣ ወይም የለም። ደንበኛዋ በርበሬውን የምትገዛው ጡብ እንዳልተቀላቀለበት ስለምታምን ነው፤ ያንን የምታምነውም የሻጯን ቃል ይዛ ነው። ቃሉ የማንም ካልሆነ በርበሬውስ የማነው?

እዚህ ላይ የሚሞግተኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። «ቀድሞ መጻፍ መቼ ነውር ሆነ? ደብዳቤስ? ኑዛዜስ?» ይለኛል። ልክ ነው። ድሮ ከጠቅላይ ግዛት የሚመጣ ደብዳቤ ወር ቆይቶ ይደርስ ነበር፤ «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል» የሚለው መግቢያም ቢሆን ሁሉም ሰው የሚገለብጠው ነው። ኑዛዜማ ተናጋሪው ከሞተ በኋላ ነው የሚነበበው። ግን ልብ በሉ፤ ደብዳቤ ቀኑን ራሱ ላይ ይጽፋል። «ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ» ብሎ ርቀቱን ይናዘዛል። ኑዛዜም መሞቱን አይደብቅም። የእኔ ጽሑፍ ግን በጥር ተጽፎ «ዛሬ» አለ፤ ማንም በማይስቅበት ቤት «ሳቅ በሳቅ ነው» አለ። ነውሩ ቀድሞ መጻፉ አይመስለኝም። ያልነበረበትን ሰዓት እንደነበረበት አድርጎ መማሉ ነው።

ሌላም ሙግት አለ፤ ይሄኛው ከእህቴ ልጅ የመጣ ስለሆነ የበለጠ ይከብደኛል። «ጋሼ፣ አንተ ደመወዝ ነበረህ። እኔ አንድ ሳምንት ዝም ካልኩ ሰው ይረሳኛል። ሁልጊዜ አለሁ ለማለት ደግሞ ሁልጊዜ መንቃት አልችልም።» ምን ብዬ ልመልስ? አንዲት ሴት በርበሬ ቀንጥሳ፣ አስፈጭታ፣ ሸጣ፣ ልጆች አሳድጋ፣ ከዚያ ደግሞ በየጠዋቱ ከልቧ ሰላም እንድትል መጠየቅ ራሱ ጭካኔ ነው። እንቅልፍ መብቷ ነው። መሣሪያው የሰጣት እንቅልፍ ነውና አትጠቀሚበት ለማለት አፌ አልደፈረም።

ስለዚህ እንደገና ቁጭ አልን። በዚህኛው ዙር ዋጋውን በኋላ አየነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ በአንድ እጄ ላቆመው እችላለሁ ወይ?» የሚል ሆነ። የፌስቡኩ ቀጠሮ ከእኔ ኮምፒውተር ወጥቶ እሷ ስልክ ላይ ገባ። ሁለተኛው ጥያቄ ምን ይቀጠራል የሚለው ነበር። እኔ ብታመም፣ ሰፈሩ ቢያዝን፣ አገሩ ቢታመስ እውነት ሆኖ የሚቆየው የቱ ነው? ሱቁ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ በሶ እንዴት እንደሚበጠበጥ፣ በርበሬ እንዳይነቅዝ እንዴት እንደሚቀመጥ… ይህ ይቀጠር። ዋጋን ልንጨምር አስበን ተውነው፤ የበርበሬ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት አያድርምና። ሰላምታ፣ «እንኳን አደረሳችሁ»፣ ቀልድና «ዛሬ» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ግን በዕለቱ፣ በእጇ። ካልቻለች ዝም ትበል። ድሮ ሱቅ ለለቅሶ ሲዘጋ ደንበኛ የተዘጋውን በር አይቶ «ምን አገኛቸው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዝምታም እንዲህ ይናገራል፤ እኛ አፉን ይዘነው ነበር።

ኪሳራ የለውም አልልም። ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ትእዛዝ እንደቀነሰ ነግራኛለች፤ እሷ እንደምትለው አንዳንድ ደንበኛ በየቀኑ ወደሚጮኸው ሄዷል። ምናልባት ይመለሳሉ፣ ምናልባት አይመለሱም። ያለፈው እንቁጣጣሽ ዕለት ግን አሥር ሰከንድ የማትሞላ ድምፅ ለቀቀች። «እንኳን አደረሳችሁ፣ ዛሬ አልከፍትም፣ ደክሞኛል» ትላለች፤ ከኋላዋ ልጆቿ ሲጣሉ ይሰማል። የሟች ልጅ ከሁሉም ቀድማ መለሰችላት፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ተኚ» ብላ።

ከማብቃቴ በፊት አንድ የቀረ ነገር አለ። ይህችም አምድ ቀጠሮ ነች። እኔ የጻፍኳት ማክሰኞ ማታ ነው፤ ጋዜጣው የሚወጣው ቅዳሜ ነው። እናንተ ስታነቧት ቤታችሁ ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ እኔም ደህና ልሁን ታምሜ፣ አላውቅም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት «እንደምን አደራችሁ» አላልኳችሁም። ማክሰኞ ማታ ግን ደህና ነበርኩ፤ እናንተንም አስቤያችሁ ነበር።