አንዲቱ መክሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ይባላል። በዕለቱ የሚነበበው ወንጌል አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት የተቀበሉትን የሦስቱን አገልጋዮች ነገር ይነግረናል (ማቴ. 25፥14-30)። በ2016 ዓ.ም. ይህ ሰንበት የዋለው ሚያዝያ 6 ቀን ነበር። በዚያው ሰሞን በአላማጣና በአካባቢዋ ግጭት ተነሥቶ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ በራያ ቆላ ወደ ደቡብ ተሰደደ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ርዳታ ማስተባበሪያ ቢሮ በወቅቱ እንደ ገለጸው ተፈናቃዩ ከ50 ሺህ በላይ ነበር፤ ከእርሱም 42 ሺህ ያህሉ ወደ ቆቦ አቅጣጫ ነው ያቀናው።

እንግዲህ ቆቦ ምን ነበራት? ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግም ሲያገረሽ የቆቦ ሰው ራሱ ቤቱን ጥሎ በወልድያ መንገድ ተሰዶ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንግዳ መጣበት። ይህ ሕዝብ ባለ አምስት መክሊት አይደለም፤ ባለ አንድ ነው፤ ያውም ከተረፈለት!

የባለ አንድ መክሊት ፈተናው «የእኔ ምን ይረባል?» ማለት ነው። ያ ሰነፍ አገልጋይ እኮ ገንዘቡን አልሰረቀም፤ ጠጥቶም አላጠፋውም። ቀበረው እንጂ። ጌታውም ሲገሥጸው፣ አንተ መነገድ ባትችል እንኳ ለሚነግዱበት ሰዎች ልትሰጠው ይገባህ ነበር ብሎታል። ይህችን ነገር ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፋታለን።

አንድ ጣሳ ማሽላ ያላት እናት ብቻዋን መቶ ሰው አታበላም። ጣሳዋን ከጎረቤቷ ጣሳ የሚያገናኝ፣ የሚያስፈጭ፣ የሚያስጋግር፣ ተሸክሞ የሚያደርስ ያስፈልጋታል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ የጽዋ ማኅበርተኞች፣ ሰንበቴዎች ሆይ! ነጋዴዎቹ እናንተ ናችሁ። ገንዘብ ባይኖራችሁ ጉልበት አላችሁ። በሚያዝያ የቆቦ ሐሩር ውኃ የሞላ ጀሪካን እስከ መጠለያ መሸከም ቀላል መክሊት መስሏችኋል? ጾመን ያስቀረናት ምሳስ የማን ናት? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እንጀራን ለተራበ ከመቁረስ ጾምን ለይቶ አላስተማረንም።

አሰጣጡ ላይ ግን እንጠንቀቅ። የራያ ገበሬ እንግዳ ማሳደር እንጂ ደጅ መጥናት አለመደም። ስሙ በድምፅ ማጉያ እየተጠራ፣ ፎቶ እየተነሣ የሚቀበለው እንጀራ ከረኀቡ ይልቅ ያመዋል። ተሰለፍ አትበሉት፤ እናንተ ሂዱለት። ሲመሻሽ ሂዱ። ስሙን ጠይቁት፤ ከየት ቀበሌ እንደ መጣ፣ በሬዎቹን ለማን ትቷቸው እንደ ወጣ ይንገራችሁ። ቁጭ ብላችሁ ስሙት። እንጀራውን ከጨዋታው በኋላ ብታወጡትም ይደርሳል።

ስትሄዱም ካህን ይዛችሁ ሂዱ። በየመጠለያው ስደት ላይ ሆና እንኳ ጾሟን የማትፈታ አራስ አትጠፋም፤ ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ ያለቅሳል። ቤተ ክርስቲያን ለአራስና ለታመመ የምትራራ እናት መሆኗን እናንተ ብትነግሯት «ልጆች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ» ትላችሁ ይሆናል። አባ አጠገቧ ተቀምጠው «ልጄ፣ ፈትቼሻለሁ፤ ብዪ» ሲሏት ግን ወተቱን ትቀበላለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።