ጡት የጣለ ሕፃን በእናቱ ዕቅፍ



ከመዝሙረ ዳዊት መካከል ከማጠሩ የተነሣ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ጸሎት አለ፤ ይኸውም መዝሙር 131 (በግእዙ አቆጣጠር 130) ነው። በዚህ ሦስት ቁጥር ብቻ ባለው ጸሎት መዝሙረኛው ጸጥ ያለች ነፍሱን፣ ጡት ጥሎ በእናቱ ላይ ካረፈ ሕፃን ጋር ያመሳስላታል። ለምሳሌ የተመረጠው የሚጠባው ሕፃን ሳይሆን ጡት የተከለከለው ሕፃን መሆኑን ልብ እንበል። ልጅ ያሳደጉ እናቶች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። እናት ጡቷን እሬት ቀብታ ልጇን ስታስጥል ሕፃኑ ምክንያቱ ስለማይገባው ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። እርሷም ጡቷን አትሰጠውም፤ ሆኖም ከዕቅፏ አታወርደውም። ውሎ አድሮ ሕፃኑ ወተቱን ሳይሆን እናቱን ራሷን ፈልጎ በደረቷ ላይ ያርፋል።

ሕፃናት የፈለጉትን ሲያጡ የሚያድርባቸውን ኀዘንና ቁጣ በተመለከተ ወላጆችንና መምህራንን ልንመክር የወደድነው ከዚህ መዝሙር ተነሥተን ነው። በሱቅ በር ከረሜላ የተከለከለ፣ ወይም የእጅ ስልክ የተወሰደበት የሦስት ዓመት ልጅ መሬት ላይ ተንከባሎ እሪ ሲል ያላየ ማን አለ? በዚያች ሰዓት የወላጅ ጭንቀት፣ አባቶቻችን ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ያሉት ዓይነት ነው።

ከዚህ ጭንቀት ለመውጣት ብዙዎች ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛሉ። አንዳንዶች በይሉኝታ ተሸንፈው የከለከሉትን ነገር ይሰጣሉ። ልጁም ጩኸት እምቢታን እንደሚያሸንፍ ይማርና በሚቀጥለው ቀን አብዝቶ ይጮኻል። ሌሎች ደግሞ አርጩሜ ያነሣሉ፤ ጅብ ይበላሃል እያሉ ያስፈራራሉ፤ ወይም ወንድ ልጅ አያለቅስም ብለው ያሳፍራሉ። ይህም ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያረጋጋውም። የመጀመሪያው መንገድ እምቢታውን ያፈርሳል፤ ሁለተኛው ዕቅፉን ይነሣል። የመዝሙሩ እናት ግን ሁለቱንም በአንድነት ትይዛለች።

በቅድሚያ የሕፃኑን አቅም ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባለው ዕድሜ እንዲህ ያለ ቁጣ የተለመደ ነው፤ ስሜትን የሚገዛው የአእምሮ ክፍል እስከ ጉልምስና ድረስ ቀስ በቀስ የሚበስል ነውና። ረኀብ፣ ድካምና የእንቅልፍ እጦትም ያባብሱታል። ቤተ ክርስቲያንም ይህን የሕፃንነት ወሰን በሕጓ ታከብራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖናም ሆነ በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ ልጅ በራሱ አእምሮ ማመዛዘን ይችላል ተብሎ የሚገመተው ሰባት ዓመት ሲሞላው መሆኑን ይደነግጋሉ። ስለዚህ የሦስት ዓመት ሕፃን ቁጣ ኃጢአት አይደለም፤ ክፉ መንፈስም አይደለም። ትዕግሥተኛ መሪ የሚሻ ያልበሰለ ኀዘን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ወደ ጌታችን እንመልከት። በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት አባቱን ለመነ። የዕብራውያን መልእክት ጸሎቱ በብርቱ ጩኸትና በእንባ እንደ ነበረ ይመሰክራል (ዕብ. 5፡7)። እንግዲህ የሚፈልጉትን መለመንም ሆነ ስለ ማጣት ማልቀስ ነውር አይደለም። ጽዋው አላለፈም፤ ነገር ግን የሚያበረታው መልአክ ከሰማይ እንደ ታየው ቅዱስ ሉቃስ ይነግረናል (ሉቃ. 22፡43)። አብ ልመናውን እንደ ተለመነው አልፈጸመም፤ ልጁን ግን አልተወውም። የክርስቲያን ቤተሰብ እምቢታም ይህን ሊመስል ይገባዋል፤ ነገሩ ይከለከላል እንጂ ልጁ አይጣልም።

ይህ በቤት ውስጥ እንዴት ይፈጸማል? ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት የሚገዛውና የማይገዛው ለልጁ አስቀድሞ ይነገረው። አባት የከለከለውን እናት፣ እናት የከለከለችውንም አያት በጓዳ አይስጡ፤ ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነም አይደለም እንዲሆን ጌታ አዝዟልና (ማቴ. 5፡37)። ስለዚህም ልጁን ለማባበል ብቻ ነገ እገዛልሃለሁ ብሎ መዋሸት አይገባም። ልጁ ሲጮኽ ወላጅ ዝቅ ብሎ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ «የኔ ልጅ፣ ኳሱን ፈልገህ ነበር፤ በማጣትህ አዝነሃል፤ ዛሬ ግን አንገዛም» ይበለው። ኀዘኑ ስም ሲያገኝ ልጁ ከጩኸት ወደ ቃል መሻገርን ይማራል። ቢማታ ራሱንም ሆነ ሌላውን እንዳይጎዳ እጁን ይዞ መከልከል ይገባል፤ ምክሩ ግን ከተረጋጋ በኋላ ይሁን። ሲረጋጋም ቂም ሳይያዝበት ይታቀፍ።

መጠበቅም በጥቂት በጥቂቱ የሚለመድ ነው። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር (ቁ. 275)፣ መጠበቅን ያልተማሩ ልጆች ሁሉን አሁኑኑ የመፈለግ ክፉ ልማድ እንደሚይዛቸው አሳስበዋል። የሀገራችን ቤት ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ልጁ እጁን ለመታጠብ ተራውን ይጠብቃል፤ የፋሲካው ዶሮ ወጥ እየሸተተው እንኳ እስኪቀደስና እስኪፈሰክ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ በደስታና በማስረዳት ሲደረግ ቅጣት ሳይሆን የበዓል ዝግጅት ይሆናል።

ድህነት ስላስከተለው እምቢታ ግን ለይተን ልንናገር እንወዳለን። ለመጀመሪያ ቁርባን አዲስ ነጭ ልብስ የምትለምን ልጁን፣ ገንዘብ ስለሌለው ብቻ በቁጣ የሚያባርር አባት አለ። ቁጣው ከልጅቱ ጥፋት ሳይሆን ከራሱ ኀፍረት የመጣ ነው። ልጅቱ ግን ይህን ስለማታውቅ መለመኗ ራሱ በደል ይመስላታል። ቅዱስ ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ፣ ልባቸውም እንዳይዝል ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው (ቆላ. 3፡21)። ወላጆች ሆይ፣ ገንዘብ የለንም ማለት አያሳፍርም። «ብንችል በገዛንልሽ ነበር፤ ያለውን አጥበን እንለብሳለን» የምትባል ልጅ ልብሱን ብታጣም ፍቅሩን አላጣችም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ንጹሕ ልብስ ሁሉ ለቁርባን እንደሚበቃ አስቀድማችሁ ለሁሉ ንገሩ። ለልደት በዓል ትርኢት የእመቤታችን ተራ ያልደረሳትን ልጅም በዝምታ አትለፏት፤ ጠርታችሁ አነጋግሯት፤ የምትሠራውንም ስጧት።

ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ ልጅ ዝም እንዲል ብቻ የታሰበ አይደለም። ያ ሕፃን አድጎ ስለ ታመመች እናቱ የሚጸልይበትና እንደ ለመነው የማይሆንለት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ የከለከለኝ ጠልቶኝ ነው ብሎ ከእግዚአብሔር ይሸሻል ወይስ እያለቀሰ በአባቱ ደረት ላይ ያርፋል? የዚህ መልስ መሠረቱ የሚጣለው ዛሬ በእናንተ ዕቅፍ ነው። የከለከለው እጅ መልሶ ሲያቅፈው ያየ ልጅ፣ ፈቃድህ ይሁን ብሎ መጸለይ ምን ማለት እንደሆነ ከወዲሁ ጥቂት ቀምሷል።

በናዝሬት ቤት ልጇን በጥበብና በሞገስ ያሳደገች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ለቤተሰቦቻችን ሁሉ ትለምንልን። አሜን።