ለእግዚአብሔር የተሰጠ ግድግዳ

ለእግዚአብሔር የተሰጠን ሕንፃ ሻጭና ገዢ ተስማምተው መኖሪያ ቤት ቢያደርጉት ስጦታው ይሻራል ወይ? ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ዘግቶ ርስታቸውን ለመኳንንትና ለባለጸጎች ካስተላለፈ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከብዙ የእንግሊዝ የገጠር መኖሪያ ቤቶች አልተለየም። ከእነዚህ አንዱ በዊልትሻየር የሚገኘው ሌኮክ አቢ ነው፤ የሶልዝቤሪዋ እመቤት ኤላ እ.ኤ.አ. በ1232 የሴቶች ገዳም አድርጋ መሠረተችው፣ ኋላም ራሷ መንኩሳ እመምኔት ሆነችበት።

ገዳሙ በ1539 ተዘግቶ ዊልያም ሻሪንግተን የተባለ ሹም በገዛው ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰ፤ ክሎይስተሩን ግን፣ ማለትም በአራት ማዕዘን አጸድ ዙሪያ የተሠራውንና መነኮሳይያቱ ይመላለሱበት የነበረውን ባለ ጣሪያ መተላለፊያ፣ ሳያፈርስ ትቶ መኖሪያውን ከበላዩ ባለው ፎቅ አደረገ። በማዕዘኑ ላይ ባቆመው ባለ ስምንት ጎን ግንብ ውስጥም ባለ ስምንት ጎን የድንጋይ ገበታ አኖረ፤ ገበታውን የተሸከሙት ቁጢጥ ብለው የተቀረጹ፣ ከወገባቸው በታች ፍየል የሆኑ የግሪክ ተረት ፍጡራን ናቸው። ደናግል ሰዓታት ሲያደርሱበት በኖሩበት ቅጥር ውስጥ እንዲህ ያለ ጌጥ ማቆም ድፍረት መሆኑ አይካድም።

ሄንሪ ስፔልማን የተባለ የ17ኛው መቶ ዓመት ሊቅ የገዳማትን ርስት የወሰዱ ቤተሰቦችን ታሪክ መርምሮ፣ ውድቀታቸውና መሃን መቅረታቸው ቅዱሱን በመድፈራቸው የመጣ ቅጣት ነው ብሎ ጻፈ። ሻሪንግተንም ገንዘብ በማጭበርበር ተከሶ የተፈረደበት፣ ልጅ ሳይተካ የሞተ ሰው ነበር፤ ሆኖም መከራን ሁሉ በኃጢአት መመንዘር የኢዮብ ወዳጆች የተገሠጹበት ስሕተት ነው። የስፔልማን ክርክር ጽኑ የሚሆነው በሌላ በኩል ነው፤ ኤላ የሰጠችው ለንጉሡ አልነበረምና፣ ንጉሡ ያልተሰጠውን ሸጠ።

አሪስቶትል ከተማን ያችኑ ከተማ የሚያሰኛት ቅጥሯ ሳይሆን የምትተዳደርበት ሥርዐት ነው ይላል። በዚህ አነጋገር ጸሎቱ በተቋረጠበት ዕለት ሌኮክ ገዳም መሆኑ ቀርቷል። ነገር ግን የሕንፃ ሥርዐት በከፊል በድንጋዩ ውስጥ ስለሚኖር፣ ከላይ የተሠሩት ክፍሎች ዛሬም የክሎይስተሩን አራት ጎን ተከትለው ይዞራሉ፤ የመነኮሳይያቱን ስእለት የማያውቅ ነዋሪ እንኳ ስእለቱ ባወጣው መንገድ ይሄዳል። ይህ ቅድስና ነው ማለት አይቻልም፤ ከንቱ ቅሪት ነው ማለት ግን የበለጠ ስሕተት ነው።

ከዘመናት በኋላ የቤቱ ባለቤት የነበረው የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጅ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1835 ከጥንታዊ የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ የተረፈውን ምስል ያነሣው በዚሁ ቤት ውስጥ ነው፤ ምስሉም የቤቱ የአንድ መስኮት ነው። መስኮቱ የሚገኝበት የደቡብ ግድግዳ የፈረሰው ቤተ ክርስቲያን የሰሜን ግድግዳ ነበረ። የልጅ ልጁ ማቲልዳ ታልቦት ደግሞ በ1944 ቤቱን ለናሽናል ትረስት፣ ማለትም ቅርሶችን ለሕዝብ ጠብቆ ለሚያቆየው ድርጅት፣ ሰጠችው። እንዲህ ለመጪው ትውልድ ሁሉ ብሎ መስጠት ከሻሪንግተን ግዢ ይልቅ ለኤላ ሥራ ይቀርባል፤ ተቀባዩ ሕዝብ፣ ዓላማውም ጥበቃ እንጂ ጸሎት ስላልሆነ ግን የተቋረጠውን ስእለት አይፈጽምም።